አንገቴና የጠዋት ፀሐይ

ያሰሩኝ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። የታሰርኩትም ስለ ማዳበሪያ ጠይቄ ነው። በስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ለገበሬው መጣ የተባለው ማዳበሪያ የት ገባ?» አልኩ፤ ሌላ ያልኩት የለም። በማግስቱ ከደጃፌ ወሰዱኝ። የመጋዘኑ በር ሲከፈት አየሁት፣ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ ነጫጭ የዩሪያ ፍሬ ተበትኗል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ ጥግ ጥጉን ሰው ተኮልኩሏል። ጥያቄዬ ተመለሰ ብዬ ገባሁ።

ስለ አንገቴ ግን አስቀድሜ ልናገር። እንቅርት ነበረብኝ። በመንዝ እንቅርት ብርቅ አይደለም፣ የእኔ ግን እያደር አድጎ እንደ በግ ላት ተንጠለጠለ። ስሜን የሚጠራኝ ጠፋ፤ ገበያ ስወርድ «ባለላቱ መጣ» ይሉኝ ነበር። የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ዘግቼ አላውቅም። ፎቶ የሚነሣ ሲመጣ ከሰው ኋላ እቆማለሁ። በስተርጅና መተንፈስ ሲያቅተኝ ሐኪም ቤት ገብቼ በቀዶ ጥገና አስወጣሁት። ነርሷ ፋሻውን ፈትታ መስታወት ሰጠችኝ። አንገት አለኝ። በላዩ ላይ ቀይ መስመር ብቻ ናት ያለችው።

«አባባ፣ ይቺን ጠባሳ ዓመት ሙሉ ፀሐይ እንዳይመታብዎት» አለችኝ። «አዲስ ቆዳ ነው። ፀሐይ ካገኘው ይጠቁራል፣ ይጎረብጣል፤ ከጠቆረ በኋላ ወደ እኔ ቢመጡ የማደርግልዎት ነገር የለም።»

ማተቤን ራሷ ከአንገቴ ፈትታ በእጄ አንጓ ላይ አሰረችልኝ። ባለቤቴ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ ለአንገቴ መጠምጠሚያ ሰጠችኝ። እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው የመጡት።

የመጋዘኑ ዘበኛ ቀበቶዬን ወሰደ፣ የጫማዬን ክር ወሰደ፣ ከዚያ ጨርቄን ያዘ።

«ይሄ አይገባም።»

«ቁስል አለብኝ። የሐኪም ትእዛዝ ነው።»

«ትታነቅበታለህ።»

«ልታነቅ ብፈልግ አንገቴን ለምን አሠራዋለሁ?»

ሳቀ። ስቆ ግን ወሰደው። ቁርጥራጯ ጨርቅ በኋላ የጠመንጃው መወልወያ ሆና አየኋት።

ውስጥ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁለቱን ነው የምነግራችሁ። አንዱ ከመርሐቤቴ በኩል የመጣ የበግ ነጋዴ ነው፤ ምላሱ አያርፍም። ሁለተኛው የኔታ ናቸው። የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ቁመታቸው የመጋዘኑን መቃን ይነካል፣ ትከሻቸው ሰፊ ነው፣ ላያቸው ላይ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ደርበዋል። ያመጧቸው ተማሪዎቼን አሳልፌ አልሰጥም በማለታቸው ነው።

ነጋዴው አንገቴን ባየ ጊዜ ራሱ ሐኪም ሆነ።

«ወንድሜ፣ ቁስል ፀሐይ ይወዳል። ስጋውስ፣ ቆዳውስ፣ ገብሱስ በምን ይደርቃል? ፀሐይ ያልነካው ቁስል እንደ ረጠበ ገብስ ይሻግታል።»

አመንኩት። እኛ እንዲህ ነን፤ ብርዱ ስላሳደገን ፀሐይን መድኃኒት አድርገን ነው የምናያት። አራሱም፣ በሽተኛውም፣ ሽማግሌውም ጠዋት ከግድግዳ ሥር ተደግፎ ይሞቃታል። የደጋ ፀሐይ ደግሞ ታታልላለች። ነፋሱ ስለሚያበርድህ ስትልጥህ አትሰማትም። በመጀመሪያው ጠዋት ግቢ ሲያወጡን ቀና ብዬ አሞቅሁት። ማታ እንደ እሳት ፈጀኝ። ነጋዴው በግራ በኩል አየልኝና ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ደነገጥኩ።

«ምንድነው?»

«ጠቁሯል» አለ። «ኧረ እኔን አፌን ይቁረጠው።»

ከዚያ በኋላ ፀሐይን መሸሽ ጀመርኩ። መሸሻ ግን የለም። በየጠዋቱ ያወጡንና መሬት ላይ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አድርገን ያስቀምጡናል። አዛዡ ከቢሮው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሞ ያስተምረናል። ትምህርት ነው የሚለው። ልጄ የሚሆን ሰው ነው፣ ሽማግሌውንም ቄሱንም አንተ ይላል። እጄን አውጥቼ አንገቴን የምሸፍንበት ጨርቅ ይሰጠኝ አልኩት።

«ለምን? ምን ደብቀሃል?»

«የእንቅርት ጠባሳ ነው። ፀሐይ ያበላሸዋል።»

«እንዴ፣ ክሬም እናስመጣልህ? ሙሽራ ነህ?»

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ከእኛ ማንም አልሳቀም፤ የእኛ አገር ሰው እናቱ ወይ አክስቱ እንቅርት ያለባት ነው። ቁጭ በል አለኝ። ቁጭ አልኩ።

ሌላ ነገር ስላጣሁ አገጬን ደረቴ ላይ ጣልኩ። እንዲህ ካደረግሁ አንገቴ ይጨልማል፣ ፀሐይዋ የምትመታው አናቴን ነው። ጥሩ ዘዴ አገኘሁ ብዬ በየጠዋቱ እንዲያ ሆኜ እቀመጣለሁ። ትምህርቱ እስኪያልቅ መሬት መሬት አያለሁ። ጉንዳን አያለሁ። ማጅራቴ ይደነዝዛል። ይሁን እላለሁ፤ ያን ሁሉ ዘመን ላት ተሸክሜ አሁን ያገኘሁትን አንገት ለእነዚህ አላበላሽም።

አንድ ቀን አዛዡ ንግግሩን አቋረጠ። ጫማው ከፊቴ መጥቶ ቆመ።

«ይሄን ሰውዬ እዩት» አለ። «ሲመጣ ጥያቄ ጠያቂ ነበር። አሁን አንገቱን ደፍቷል። ተምሯል። እናንተም እንደሱ ሁኑ።»

ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በሬ ሲገራ እንደሚመቱት።

ተደብድቤ አውቃለሁ። ተርቤ አውቃለሁ። በዚያ መጋዘን እንደዚያች ያቃጠለችኝ የለችም። የሐኪም ምክር ስጠብቅ ለእሱ መማሪያ ሆንኩለት። ቀና ብል ጠባሳዬ ይበላሻል፣ ብደፋ ለእሱ እሰግዳለሁ። ከሁለት አንዱን ምረጥ ነው። ወደ ቦታው ሲመለስ አገጬን አነሣሁ። ፀሐይዋ ቀጥታ መጥታ ጠባሳዬ ላይ ተቀመጠች። ትቃጠል አልኩ በሆዴ። ትቃጠል።

አዛዡ አየኝ። «አገጭህን!» አለ።

አላወረድኩም።

የኔታ ከፊቴ ነበር የተቀመጡት። የመጋዘኑ ሰው ሁሉ ስለ ጠባሳዬ ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ባናቸውን በሁለት ክንዳቸው ዘርግተው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ቆሙና ድምፅ አውጥተው ዳዊት ጀመሩ። በቃላቸው ነው። ጥላቸው ከኋላቸው ወረደ። ደረቴንም አንገቴንም ፊቴንም ሸፈነው። ብርዱ ወዲያው ተሰማኝ። አገጬ እንደተነሣ ነው።

«ቄስ፣ ቁጭ በል!»

የኔታ መዝሙሩን ጨርሰው ነው የመለሱለት። «ዳዊት ቆሞ ነው የሚደገም። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነው። ይህን እናትህም ታውቀዋለች።»

አዛዡ እሳቸውን የሚመታለት ፈልጎ ዙሪያውን አየ፤ ዘበኞቹም ማተብ ያሰሩ ናቸው፣ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ሲያፍር ደግሞ ቅጣት አወጣ።

«መቆም ከወደድክ ቁም። እስከ ቀትር እንዳትቀመጥ። ንቅንቅ ብትል ወዮልህ።»

«እቆማለሁ» አሉ።

ቆሙ። ያን የሚያክሉ ሽማግሌ፣ ባናቸውን እንደዘረጉ። ፀሐይዋ ወደ ቀኝ ስታዘነብል እሳቸውም እግራቸውን ሳያነሡ እየጎተቱ፣ ዳዊቱን ሳያቋርጡ ወደ ቀኝ ይላሉ። ጥላው አንድም ጊዜ ከአንገቴ አልወረደም። ክንዳቸው ሲዝል የባናው ጥላ ጫፍ መሬት ላይ ሲርገበገብ አያለሁ። አንዴ ቀስ ብዬ «የኔታ፣ ይበቃል፤ ያውርዱት» አልኩ።

በሁለት መዝሙር መካከል፣ ሳይዞሩ፣ «ዝም በል ልጄ፤ አንተ ቀና ብለህ ተቀመጥ» አሉኝ።

ከጎኔ ነጋዴው አጉረመረመ። «ቅጣቱን ራሱ ጃንጥላ አደረጉት» አለ። ሳቅ አፈነኝ።

ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ የገዛ አገጬ ለአንገቴ ጥላ ሆነ። ያኔ ተቀመጡ። ክንዳቸው አልታጠፍ ብሎ ነጋዴውና እኔ አሸንላቸው። በማግስቱም ቆሙ። በሠልስቱም። አዛዡ ማስቆሙን ቅጣት ስላለው መልሶ ተቀመጥ ማለት አልቻለም። እስክፈታ ድረስ ጠዋት ጠዋት ቀና ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

የፈቱኝ እንዳሰሩኝ ነው፤ ክስም ፍርድም የለም። «ሂድ» አሉኝ። የኔታን አልፈቱም።

ነርሷ ዘንድ ለመታየት ሄድኩ። በጣቷ ዳሰሰችና በግራ በኩል ያለችው ጥቁር ላይ ቆመች።

«ይቺን ፀሐይ መትቷታል። ነግሬዎት አልነበር?»

«ነግረሽኛል።»

«ሌላው ግን እንደ ክር ቀጥኗል፤ ምንም አልነካውም። በምን ሸፈኑት?»

«ሰው ቆመልኝ» አልኳት።

የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። አላብራራሁም።

ይቅር በል የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ጊዜው ነው፣ ሁሉም ያልፋል ይሉኛል። የኔታ ያሉበትን ንገሩኝና እናስብበታለን እላቸዋለሁ። ተዛውረውበታል ወደተባለው ቦታ ባና ይዤላቸው ሄጄ ነበር፤ እዚህ የሉም ብለው መለሱኝ። ባናው ሣጥን ውስጥ ነው፣ ማንም አይለብሰውም።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ጣቴ እርፍ ይዞ ከደነደነ በኋላ ነው። አሁንም ዳዊት ሳነብ እየተደናቀፍኩ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አጥሩ ሥር እሄዳለሁ። መጠምጠሚያዬን አስተካክላለሁ፣ ወደ ምሥራቅ እዞራለሁ፣ ቆሜ አነባለሁ። ባለቤቴ «አረፍ ብለህ አንብበው እንጂ፣ ጉልበትህ ይታመማል» ትለኛለች።

አልቀመጥም።