ያቀያየርኳቸው የከበሮ ቁጥሮች

ነገሌ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ዘፈን እቀዳ በነበረበት ጊዜ ከበሮውን የምሠራው በኮምፒውተር ነበር። ሚዲ በሚባለው ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው፤ ሠላሳ ስድስት ትልቁን ከበሮ ያስመታል፣ ሠላሳ ስምንት ትንሹን። ብዙው የከበሮ ፕሮግራም በዚህ ይስማማል። እኔ ግን ለጣቶቼ እንዲመቸኝ ብዬ የሁሉንም ቁጥር፣ ሲምባል የሚባለውን የብረት ሳህንና የፊሽካውንም ጭምር፣ አቀያይሬ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም።

አንዲት የነገሌ አስተማሪ ወንድሟን ሞያሌ ስትድር የምትዘፍነውን አዘጋጀሁላት። በኪቦርድ የሚያጅቧት ሙያውን በራሳቸው የተማሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ የሞያሌ ሰው ነበሩ። ፋይሉን በፍላሽ ሰጠኋቸው፤ በራሳቸው ላፕቶፕ ከፈቱት። ሠርጉ ላይ ዘፈኑ ሲጀመር ትልቁ ከበሮ በሚመታበት ቦታ ሲምባል ተንኳኳ፣ ፊሽካ ጮኸ። ሰው ሳቀ። አስተማሪዋ ዞራ አየችኝ።

ሌላ ማይክ በእጄ ነበር። “ጋሼ፣ ማሽኑን ካላወቁት ለምን ይነኩታል?” አልኩ።

 እሳቸው ከበሮውን አጥፍተው፣ ምቱን በግራ እጃቸው በኪቦርዱ እየያዙ እስከ መጨረሻው አጀቧት። ሰው ጨፈረ። እኔም በላሁ፣ ጠጣሁ።

በሳምንቱ ነገሌ ላይ ሌላ የከበሮ ፕሮግራም ጫንኩና ያንኑ ፋይል ከፈትኩበት። ያው ሲምባል፣ ያው ፊሽካ። ብቻዬን ሆኜ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ፋይሎቼን በሙሉ አንድ በአንድ ወደ ተለመደው ቁጥር መለስኩ። የእያንዳንዱን ከበሮ ቁጥር በወረቀት ጽፌ ወደ ሞያሌ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ካለችው ከሜጋ ከተማ ጀምሮ የይቅርታውን ቃል በልቤ ስደጋግም ነበር። በራቸው ላይ “አካም፣ ነጋ?” ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን እየጠየቁ እጄን ሲይዙኝ ግን ቃሉ ጠፋኝ።

“አዲስ አሠራር አመጣሁልዎ” ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። “ይሄማ እኔ ድሮም የምሠራበት ነው” አሉ። “ያን ቀን አንተ አቀያይረኸው እንደነበር ገና ሲጀምር ገብቶኛል።”

“ታዲያ ለምን አልተናገሩም?”

“በሰው ፊት? ታፍራለህ ብዬ ነዋ!”

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርግ አብረን ሠራን።

አስተማሪዋ ግን ድግስ ላይ ስትዘፍን ዳግመኛ ጠርታቸው አታውቅም፤ ሌላ ሰው ነው የምታሠራው። ጥፋቱ የኔ እንደነበር ሄጄ ልነግራት ይገባ ነበር። ነገሌ ትንሽ ከተማ ናት፤ በየሳምንቱ ገበያ ላይ እንገናኛለን። ሰላም ትለኛለች፣ ሰላም እላታለሁ፤ አልፌያት እሄዳለሁ።