ያለፋቸው ጽዋ

ድሃን የሚያስጨንቀው የሚበላው ማጣት ነው ይባላል። ውሸት ነው። ይበልጥ የሚያስጨንቀው የሚያበላው ማጣት ነው። ይህን ከመጻሕፍት አላገኘሁትም፤ መጻሕፍቱን በአብዛኛው የሚጽፏቸው የጠገቡ ሰዎች ናቸው፤ እኔንም ጨምሮ። ያገኘሁት ሞጣ፣ አንድ የሰንበቴ ቤት ደጃፍ ላይ ነው።

የምኖረው ቢቸና ነው። እናቴ ስታርፍ ግን ሞጣ በሚገኘው ደብር ሰንበቴ ውስጥ የነበራት ቦታ ለእኔ ተላለፈ። ተራ የደረሰው አባል ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ካህኑ ይባርካሉ፤ አባላቱ ቤቱ ውስጥ፣ ነዳያን ደጁ ላይ ተቀምጠው ይቀምሳሉ። ሲያበቃ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ጽዋ ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል። ጽዋውን ተቀብሎ የሄደ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ያበላል።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ነው። ከቢቸና የተነሳው ሚኒባስ ጉም ውስጥ ገባና ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ አንቀላፋ። የጤፉ ማሳ ከመስኮቱ ሥር እንደ ውሃ ይፈስሳል። አንድ ባሕር ዛፍ ብቅ ይልና ሳይሰናበት ይጠፋል። ደብረ ወርቅን አልፈን ይሁን ገና ሳንደርስ አላውቅም። ሙታን የሚሄዱበት መንገድ ይህን ከመሰለ ያን ያህል አያስፈራም እያልኩ፣ ነቃ ደግሞ ሸለብ እያደረገኝ ሄድኩ። እንደ ልማዴም ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ደረስኩ።

በዚያ እሑድ ጽዋው የሚደርሰው ለእቴቴ ነበር። እቴቴ የምላቸው የእናቴን የልጅነት ጓደኛ ነው። ባላቸው ከሞቱ፣ መሬታቸውንም ለእኩል አራሽ ከሰጡ ወዲህ ቤታቸው ጎድሏል፤ አሮጌ ነጠላቸውን ግን እንደ አዲስ አጥፈው ይለብሳሉ። የሰንበቴውን አለቃ ሙሴ እንለዋለን። የእኛ ሙሴ ሕዝብ ባሕር አያሻግርም፤ ጋን ይጠብቃል። ከቀናት በፊት ስልክ ደውሎልኝ ነበር። አባላቱ መክረው እቴቴን ከተራቸው ሊያሳርፏቸው ተስማምተዋል፤ ቀጣዩ ባለተራ እኔ ስለሆንኩ ጽዋው ለእኔ ይሰጣል፤ እርሳቸው እንደ ወትሮው መጥተው ይበላሉ። ለራሳቸው ነግራችኋቸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እንዳያፍሩ ብለው አልነገሯቸውም።

ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ተበልቶ የማሳረጊያው ጸሎት ሲያበቃ እቴቴ ተነሡ። ነጠላቸውን በሁለቱ እጆቻቸው ላይ ዘርግተው ቆሙ። ሙሴ ጽዋውን ይዞ መጣ፣ ፊታቸው ደረሰ፣ አንገቱን ደፍቶ አለፋቸውና እኔ እጅ ላይ አኖረው። የእቴቴ እጆች እንደተዘረጉ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡና ነዳያን ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በእኛ ዘንድ፣ ውስጥ የሚቀመጠው የሚያበላ ነው። ሕጉን ከማናችንም በላይ ስለሚያውቁት፣ ማንም ሳያዛቸው አዲሱን ቦታቸውን ያዙ።

አንድ ሽማግሌ ነዳይ በትራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላቸው።

«ጠጋ በይ እሜቴ። እዚህ ተራ የሚባል የለብሽም።»

ተሳቀ። እቴቴም ሳቁ፤ የከበደኝ የእርሳቸው ሳቅ ነው።

ጽዋውን እንደያዝኩ ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለእርስዎ አስበው ነው አልኳቸው፤ ስናገረው ራሱ አፌ ውስጥ ጎመዘዘኝ። እርሳቸው ጉሙን ነበር የሚያዩት።

«ተራ የማይደርሰው የሞተ ሰው ነው» አሉኝ። «እኔ ሞቻለሁ?»

«አልሞቱም።»

«እንግዲያው አምጣ።»

ዳቦውን እኔ ላስጋግር፣ በእርስዎ ስም ይቅረብ ብል ተቆጡ። በሰው እህል አልታይም፤ ያለኝን አቀርባለሁ፤ ካነሰባችሁ ትንሽ ትንሽ ጉረሱ አሉ። ጽዋውን ሰጠኋቸው። ሙሴ ተከትሎኝ ወጥቶ ማኅበር የወሰነውን አፈረስክ ሲለኝ፣ ሕዝብህ ባሕሩ መሐል ቀርቷል አልኩት። አልሳቀም።

ለሚቀጥለው እሑድ ዋዜማውን ሄጄ ሞጣ አደርኩ። ሰዉ የቀረበለትን ይንቅባቸው ይሆን የሚለው ሐሳብ ቅዳሴውን ሁሉ አብሮኝ ቆመ። እቴቴ ይዘው የመጡት አንድ ሰፌድ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ አንድ እንስራም ቅራሪ ነበር። ከኋላዬ አንዱ፣ ልቅሶ ቤት መሰለ ብሎ አጉረመረመ። ካህኑ ግን ንፍሮውን ልክ እንደ ዳቦው አድርገው ባረኩት።

ጉሙ በበሩ ገብቶ እግራችን ሥር ተኝቶ ነበር፤ እቴቴ በላዩ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። መጀመሪያ ወደ ውጭ ወጡ። ለሽማግሌው ነዳይ መዳፋቸውን ሞልተው ዘገኑላቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሰው በየተቀመጥንበት ዞሩ። ሙሴ ዘንድ ሲደርሱ እጁን ዘረጋ። እቴቴ ሰፌዱን እንደያዙ ቆም አሉ።

«ትቀምሳለህ ወይስ ላሳርፍህ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሙሴ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ተነሥቶ ቆመ፤ ነጠላውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ተቀበለ። ሲያኝክ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር እኔ አይቻለሁ፤ እርሱ ዛሬም ቢሆን የበርበሬው ነው ይላል። ንፍሮው በርበሬ አልነበረውም። ጽዋው ቀጥሎ ለእኔ ሲሰጥ፣ ጽዋውን ያስረከቡኝ እቴቴ ናቸው።

ቢቸና ከተመለስኩ በኋላ፣ በአንድ በዓል ዋዜማ ዱቄት የሚያድሉ ሰዎችን አየሁ። ተቀባዮቹ ከረጢታቸውን አቅፈው ወደ ካሜራው እንዲዞሩ ይነገራቸዋል። ዱቄቱ ያስፈልጋል፤ እቴቴም ቢሰጧቸው ይቀበላሉ። እኔን ግን የባሕር ሁሉ ጌታ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ከአንዲት ሴት ውሃ መለመኑ ነው የሚገርመኝ። ስለ መስጠት ብዙ ተሰብኮልናል፤ ስለዚያ ልመና ግን ዝም ብለን እናልፋለን፤ ሙሴ እቴቴን እንዳለፋቸው።

አንተም የምትረዳው ሰው ይኖርሃል። መርዳትህን አታቁም። ግን በዚህ ሳምንት ቤቱ ሂድ፤ ቁጭ በል፤ ያቀረበልህን ብላ።