ተነብቦላት በጣቷ ፈረመች

ለሴት የሚሆን እስር ቤት ስላልነበራቸው የበርበሬ ማከማቻ ውስጥ አስገቡኝ። በርበሬው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ገና እግሬን ሳስገባ አስነጠሰኝ። ፖሊሱ «ይማርሽ» አለኝና ቆለፈብኝ። ከልቡ እንደነበር ዛሬም አልጠራጠርም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነው። ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራውም፤ አብዛኞቹ ሰዎቹም ሞተዋል። ከጸሐፊዎቹ መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ቀሚሴን እያዩ በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ፤ ይኼ ይለፍ፣ ያኛው ይሻሻል። አንዳንድ ቀን ወንበሬን ይደብቁብኝና ቆሜ ታይፕ ስመታ ከኋላዬ ሆነው ያያሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያልሳቀች ሴት ኩሩ ትባልና ከዚያ ወዲያ የምትመታው ደብዳቤ ሁሉ ስሕተት አያጣም።

ዋናው ጨዋታቸው ግን ባለጉዳይ ሴት ስትመጣ ነበር። ያኔ አለቆች ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ጠጅ ቤት ይውላሉ፤ ኮቱ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት የመስቃን ሴት ነበረች። የእንሰት ማሳዋን የባሏ ወንድም ነጥቋት ሁለት ክረምት ደጅ ጠንታለች። አንድ ቀን ዋና ጸሐፊው፣

«አለቃው የሉም። ኮታቸው ግን አለ፤ ለሱ ተናገሪ፣ ሲመጡ ይነግራቸዋል» አላት።

አምናው አይመስለኝም፤ ሌላ የምትናገርለት ሰው ስላጣች ነው። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ለኮቱ እጅ ነሥታ፣ በደሏን ተናገረች። በምትችለው አማርኛ ጀመረችና አማርኛው ሲያልቅባት በጉራጊኛ ቀጠለች። ወንዶቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የካርቦን ወረቀት አስተካከልኩ።

ጉራጊኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን ጨርሶ እንዳልሰማሁት ሆኜ ነበር የምኖረው፤ ስቀጠር እንኳ ትውልድሽ የት ነው ሲሉኝ አዲስ አበባ ብያለሁ። ሴትዮዋ ያለችውን አንድም ሳይቀር የሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ ከልቤ አልወጣ ሲለኝ ለአንድ አስተማሪ ነገርኩት። እሱም ለትምህርት ቤቱ መዝጊያ ቀን ቴአትር አደረገው። በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ፤ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት፣ በምሳ ሰዓት። ሴትዮዋ እንደ ጉራጌ አገር ሰው ትናገር ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ሰው እንዲስቅ ብዬ። ሰውም ሳቀ። የሳቀው ግን በአነጋገሯ ነው። በጸሐፊዎቹ ማን ደፍሮ ይስቃል? ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። በማግስቱ አስተማሪው ከከተማ ሲጠፋ እኔን ያዙኝ። ክሱ የመንግሥት ሹማምንትን ማዋረድና ሕዝብ ማነሳሳት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና ያችኑ ሴት አስገቧት። እንደ እኔው አስነጠሳት። ግድግዳውን ተደግፋ ስትቀመጥ ጫማ የሌለው እግሯ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ከማሳ ነው ያመጧት።

«ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት በአማርኛ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ? በኔ ነገር ጨዋታ ተጫወቱ አሉ። አንቺ ነሽ ያስደረግሽ አሉኝ።» ወደ እኔ ዞራም፣ «ሰው ሳቀ አሉ። በማን ነው የሳቀው?» አለችኝ።

«በጸሐፊዎቹ» አልኳት።

«እውነት? በነሱ?» አለችና ፊቷ በራ። «አላህ ይስጠው ያን ሰው።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከምሳ በኋላ ሁለታችንንም ጠሩን። ጣቢያው የጽሕፈት መኪና እንጂ የሚመታ ሰው አልነበረውም፤ ስለዚህ ከታሰርኩ ጀምሮ የሌሎችን እስረኞች ቃል የምመታው እኔ ነበርኩ። የጣቢያው አዛዥ የመቶ አለቃ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ከጎኑ የኛ መሥሪያ ቤት ዋና ጸሐፊ እግሩን አነባብሮ ሲጋራ ያጨሳል።

የመቶ አለቃው እያነበበ አስመታኝ። ቃሉ የሴትዮዋ ነው ተብሎ የተጻፈ ነው። ቴአትሩ ላይ የታየው ሁሉ ሐሰት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በደል አላደረሰብኝም፤ የእንሰቱ ማሳ የባሌ ወንድም ንብረት ስለሆነ በገዛ ፈቃዴ አቤቱታዬን ትቻለሁ፤ ከእንግዲህ ወዲያ ብከስ እንደ ሐሰተኛ ልቀጣ። ከሥሩ ሁልጊዜ የሚጻፈው አለ፤ «ተነብቦላት በጣቷ ፈረመች።» ይህን ስመታ ጣቶቼ ማየት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ስንት መቶ ጊዜ መትቼዋለሁ።

«ይኼን ከጨረስሽ ነገ ሥራሽ ላይ ትገቢያለሽ» አለኝ የመቶ አለቃው ዝቅ ብሎ። ወደ ሴትዮዋ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «የመፈቻ ወረቀት ነው፤ ቤትሽ ልትገቢ ነው። ጣትሽን አምጪ!»

ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ዘረጋች።

«ጌታዬ፣ አልተነበበላትም» አልኩ።

ዋና ጸሐፊው በሳቅ ፈነዳ። «ምን ታውቅና ነው የሚነበብላት! በል የመቶ አለቃ፣ ታንብብላት። ምን እንደምትል እንስማ እስቲ።» ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ያን አቀማመጡን አውቀዋለሁ፤ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ሴት ስትገባ እንዲሁ ነው የሚቀመጠው።

ወረቀቱን ከመኪናው አወጣሁ። ነገ ሥራዬ፣ ደሞዜን የምትጠብቅ እናቴ፣ አልጋዬ፤ ሁሉም ታየኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ጉራጊኛ ነበር። ቃል በቃል ነገርኳት። ማሳው የሱ ነው ብለሻል ይላል። በደል አልደረሰብኝም ብለሻል ይላል። ተመልሰሽ ብትመጪ ያስሩሻል። የመፈቻ ወረቀት አይደለም።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አጠፈችና አራቱን ጣቶቿን ጨበጠችበት። የመቶ አለቃው እጇን ለመፈልቀቅ ሞከረ፤ ሌላ ፖሊስም አገዘው። እንሰት ስትፍቅ የኖረች እጅ ናት፣ አልተከፈተችም። ዋና ጸሐፊው መሳቁን ትቶ እኔን ያያል።

«አንቺ... ጉራጌ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

የመቶ አለቃው ምን እንዳደረገኝ አልጽፍም። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይሰማም።

ወደ ክፍላችን ሲመልሱን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ከጆሮዬ የሚወርደውን ጠረገችልኝ። እየጠረገችልኝ በቋንቋችን ተናገረችኝ።

«ለካ ትሰሚኛለሽ።»

«እሰማለሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን፣ እነዚያ ሲስቁብኝ፣ ትሰሚኝ ነበር?»

«እሰማ ነበር» አልኳት። ሰዉ የሳቀውም በማን እንደሆነ፣ እንደ ጉራጌ አገር ሰው ትናገር ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። እጇ ጆሮዬ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መጥረጓን ቀጠለች።

እሷን በሳምንቱ ለቀቋት፤ እኔ ሦስት ወር ቆየሁ። ሥራዬን አጣሁና ወልቂጤ ዘመድ ጋ ገብቼ እዚያው ቀረሁ። ማሳዋ ይመለስላት አይመለስላት አላውቅም፤ ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ተለወጠ፣ ወረቀቱም ሰዉም ተበታተነ። ዛሬ ይህን ስነግራቸው ልጆቼ ጎበዝ ነበርሽ ይሉኛል። መከራከር ይደክመኛል። ሴትዮዋ ግን ስትወጣ እጄን ይዛ «ደህና ሁኚ» ብቻ ነው ያለችኝ። አላመሰገነችኝም። ልክ ነበረች።