ላብ አደር፣ ወዝ አደር

እኔን ለመጠየቅ ሽማግሌ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሦስት ናቸው። በወጉ መሠረት እኔ መኝታ ቤት ገብቼ በሩ ተዘግቶብኛል። ግን የልደታ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይችልም፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ሆነን «ይማርህ» የምንል ሰዎች ነን። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም እሰማለሁ። ሊያገባኝ የሚፈልገው ልጅ አብነት ሰፈር አክስቱ ቤት ሆኖ በቴሌግራም «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ ይነዘንዘኛል።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ልደታ ፍርድ ቤቶች አጠገብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከጠበቃና ከባለጉዳይ ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ነኝና ብዙ ሰው አልፈራም። አባቴን ግን እፈራለሁ። አንዴ እምቢ ካለ እምቢ ነው። እኔ ደግሞ ያለ እሱ ምርቃት አላገባም፤ ይህን ልጁም ያውቃል።

ልጁ ኤሌክትሪሺያን ነው። ወላጆቹ በሕይወት የሉም፤ ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፣ ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡትም እሳቸው። ስንፋቀር አራት ዓመት ሲሆነን፣ አጎቱን አንድ ቀን እንኳ ስለ ድሮ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌዎቹ። ተናገሩ፤ «አረፍ በሉ» ተባሉ። የአባቴ ድምፅ ለስለስ ብሏል። «እንግዲህ ስለ ልጁ ንገሩን፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ሲል፣ እኔ ለልጁ «ጥሩ እየሄደ ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

አጎትየው ሳቅ ብለው፣ «ሀብታም ነው ብዬ አልዋሽዎትም። እንደኔው ወዝ አደር ነው» አሉ።

 እናቴ ብርጭቆ ስታስቀምጥ ሰማሁ።

«ምን አሉ?» አለ አባቴ።

«ወዝ አደር ነው አልኩ። በጉልበቱ የሚያድር ለማለት ነው።»

«ቃሉንማ አውቀዋለሁ። የት እንደተማሩት ነው የጠየቅኩዎት።»

 ያ ቃል በኛ ቤት አይነገርም።

የመደብ ትግል የሚባለው ነገር የመጣው ከሩቅ ነው። ፈረንጅ አገር፣ ከጉልበቱ በቀር የሚሸጠው የሌለው የፋብሪካ ሰው ከባለፋብሪካው ጋር ስለገጠመው ጠብ ተጻፈ። የኛ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ አነበቡት፤ እዚህ ሲደርስ ለዚያ ሰው የአማርኛ ስም መፈለግ ግድ ሆነ። ተማሪዎቹ ደግሞ በሁለት ድርጅት ተከፍለው ስለነበር ሁለት ስም ወጣለት። አንደኛው ወገን «ላብ አደር» አለ፣ ሌላኛው «ወዝ አደር»። እናቴ «በላቤ በወዜ ነው ያሳደግኳችሁ» ስትል አንድ ላይ የምትጠራቸውን ሁለት ቃላት እነሱ ለያዩዋቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ካፍህ ከወጣ የማን ወገን እንደሆንክ ታወቀ ማለት ነው። ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል፤ ፋብሪካው በጣት በሚቆጠር አገር።

አባቴ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ አብነት ሰፈር ልብስ ሰፊ። ሱሪ ሊያሳጥሩ የሚመጡ ተማሪዎች እሱ ሲሰፋ አጠገቡ ተቀምጠው ያነቡለት ነበር። ከሁሉ ደስ ያለው፣ አባቴ እንደሚለው፣ በዚያ ሁሉ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ስለ እሱ መወራቱ ነው። አንድ እሑድ ቀበሌው ሰውን በግድ በሚሰበስብበት የውይይት ክበብ ላይ ተነሥቶ ስለ ኑሮ ሲናገር «እኛ ላብ አደሮች» አለ። መድረኩን የያዙት ወዝ አደር ባዮቹ ናቸው። አባቴ ያኔ ጎረምሳ ነው፤ አጠገቡ ተቀምጦ እጅጌውን ጎተተው። አጎቴ ግን ምን እንዳጠፋ እንኳ አልገባውም። ስብሰባው ሲያልቅ በር ላይ ያዙት። አልተመለሰም፤ ሬሳውንም አልሰጡንም።

«እዚሁ ልደታ ነው የተማርኩት» አሉ አጎትየው። ሳቃቸው ጠፍቷል። «የውይይት ክበብም አስተምሬያለሁ።»

«የት ቀበሌ?»

«ከወንዙ ማዶ። እናንተ ጋ አልነበርኩም። ሰውም አላስያዝኩም።»

«አስይዣለሁ ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።»

«እንደፈለጉ። የኔ ታናሽ ወንድም ግን በራችን ላይ በጥይት ተመትቶ እጄ ላይ ነው የሞተው። የመቱት እነ ላብ አደር ናቸው። ለሱስ ማንን ልጠይቅ?»

 «እናስብበታለን» አለ አባቴ። ሌላ ቤት ይህ ቀጠሮ ነው፤ በኛ ቤት እምቢታ ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ በሩን በርግጄ ወጣሁ። «አባዬ፣ እኔ ባልተወለድኩበት ጊዜ በተባለ ቃል ቆሜ ልቅር?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ልጁስ ምን ይላል? ላብ ነው ወዝ?»

«ልጁማ የሚያወራው ስለ ቆጣሪና ስለ ገመድ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ተነሥቶ በረንዳው ላይ ቆመ፤ ፊቱን እስኪመሽ አላዞረም። በማግስቱ ግን እናቴን «ሁለተኛ ይምጡ በያቸው» አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ መጡ። እኔ ያው መኝታ ቤት ነኝ። «ነገር እንዳይበላሽ ብለን አጎቱን ትተናቸዋል» አሉ።

«ያሳደገው ሰው ሳይመጣ፣ ለማን ልጅ ነው የምትጠይቁኝ?» አለ አባቴ።

 «ታች ግቢ ውስጥ ናቸው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

በመስኮት አየሁ። ልብስ ማስጫው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ተጠርተው መጡ፤ የኛ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ትንፋሻቸው ከደረጃው ጀምሮ ይሰማል። አባቴ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀ።

«ባለፈው የጠየቅኩዎትን ልድገመው» አለ። «ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ስልኬ ጭኔ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አላነሣሁትም።  አሁን ያ ሰውዬ የሚለው አንድ ቃል ሕይወቴን ይወስነዋል፤ እኔ በተዘጋ በር ጀርባ ነኝ። ተናደድኩ፤ ፈራሁ።

«ሠራተኛ ነው» አሉ አጎትየው።

 «ሠራተኛ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ፣ አዲስ ቃል የሰማ ይመስል። «ይሄ ቃል ያኔ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ።»

«ታዲያ?»

«ለኛ አነሰን» አሉ አጎትየው።

አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በዚያ በስስ ግድግዳ በኩል ሰማሁት፤ የሁለቱንም ሰማሁ። ማንም «ተው» አላለም። ለቅሶው ሲበርድ አባቴ «ይቀመጡ እንጂ፣ ቆመው ቀሩ እኮ» አላቸው፤ ወንበሩ ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ እኔን ጠራኝ።