ከጤፉ ጎን የተሰጡት ሸክላዎች

ትናንት ዝናቡ በጣራው ገብቶ የልጄን የካሴት ካርቶን አረጠበው። ለውትድርና ሳይወስዱብኝ በፊት በየዓመቱ ለመስቀል ወረታ ከተማ ወጥቶ አንድ ካሴት ይጨምርበት ነበር። ፀሐይ ላይ ላሰጣቸው ብዬ ብድግ ስል እናቴ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ቁሐር ሚካኤል ሳለን፣ አባቴም ኑጉን ሸጦ በዓመት አንድ የዘፈን ሸክላ ይገዛ ነበር። አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤታችን ገባ። ውኃው ሲጎድል እናቴ የረጠበውን ጤፍ ሰሌን ላይ አሰጣች፤ ሸክላዎቹንም አጥባ ከጎኑ ደረደረቻቸው። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ፀሐይዋ እንደ ወጥ ጣባ አጎደጎደቻቸው።

አባቴ መጣና አንዱን ግራሞፎኑ ላይ አስቀመጠው። የዘፋኙ ድምፅ ይንገዳገድ ጀመር።

«አንቺ፣ ይህን ሰውዬ ጠላ አጠጣሽው እንዴ?» አላት።

«ከእህሉ ጋር ይደርቃል ብዬ ነው፤ ይማሩኝ» አለች።

«ተይው እንግዲህ። ካገባሁሽ ጀምሮ የለቀምኩት ነበር» ብሎ ወደ ከብቶቹ ወጣ።

ካሴትን ፀሐይ ይጉዳው አይጉዳው የምጠይቀው ሰው የለኝም። ልጄ «እማ፣ እስክመለስ አደራ» ብሎኝ ነው የሄደው። ይኸው ካርቶኑን አቅፌ ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ እላለሁ።