የሱኒታ የወረቀት ኩባያ

ከምኖርበት ክፍል በላይ የማላውቀው ሰው ምስር ሲቀቅል የፕሬሸር ኩከሩ ፉጨት ይሰማኛል፣ ያኔም የሴንት ፖሉ ቤታችን ይመጣብኛል። ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ገባ ብሎ፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አፓርታማ ነበር፤ ከበታቻችን ሱኒታ የምትባል ሕንዳዊት ትኖር፣ ማታ ማታ ያ ፉጨት ከወለላችን ሥር ይወጣ ነበር።

እሷና እናቴ ሚኒያፖሊስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ይሠሩ ስለነበር፣ በበረዶው ወራት በአንድ አውቶቡስ ተመልሰው እኛ ቤት ሻይ ይጠጡ ነበር። ሱኒታ ግን ከቦርሳዋ የወረቀት ኩባያ አውጥታ ታስቀዳ፣ ጠጥታ ስትጨርስም ጨምድዳ ይዛው ትሄድ ነበር። እናቴ «ብርጭቆዬን ተጸይፋ ነው» ብላ ተቀይማ ከረመች።

በረዶው ሲቀልጥ ግን አላስቻላትም፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ጠየቀቻት። ሱኒታም ወገኖቿ ቆዳ ፋቂዎች እንደሆኑ፣ በመንደሯ ሻይ ቤት የእነሱ ብርጭቆ ለብቻው ውጭ ምስማር ላይ ይሰቀል እንደነበር፣ አገሪቱ ነጻ ወጥታ ሕግ ቢከለክለውም ባለ ሻይ ቤቱ ምስማሩን እንዳልነቀለው፣ እዚህም ያገሯ ሰዎች ዘሯን የሚያሳብቀውን የአባቷን ስም ሲሰሙ ለእሷ ብቻ በወረቀት ስለሚቀዱላት ቀድማ ይዛ መዞር እንደጀመረች ነገረቻት። እናቴ አለቀሰች። ኩባያውን ከእጇ ነጥቃ ጣለችና «እኛ ቤት ሰው ሁሉ አንድ ነው፣ እህቴ» ብላ ለእንግዳ የምታወጣውን ባለ አበባውን ስኒ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ስኒው የሱኒታ ሆነ።

በበጋው እህቴ ቤቲ ልታገባው ያሰበችውን ዮናስን ከቸርች ይዛው መጣች። ፕሊማውዝ ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ሱኒታም ነበረች።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው እናቴ።

«የርስዎው አገር ሰው ነኝ፣ እማማ። አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ቤታችሁ ያለውን ድስት የሠራችው እሷ ትሆናለች!» ብሎ ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። ጓዳ ገብታ በትሪ ሻይ ይዛ ተመለሰች፤ ለእኛ በብርጭቆ፣ ለሱኒታ በባለ አበባው ስኒ፣ ለዮናስ ከልደቴ በተረፈ፣ ፊኛ በተሳለበት የወረቀት ኩባያ። «ብርጭቆ አለቀብኝ» አለች፣ ብርጭቆዎቹ ከኋላዋ በቁም ሳጥኑ መስታወት ውስጥ ተደርድረው እየታዩ።

«ማም፣ ሲሪየስሊ?» አለች ቤቲ።

«ተይ፣ ችግር የለም» አለ ዮናስ፣ እስከ አተላው ጠጣው። አማርኛ የማትሰማው ሱኒታ ኩባያውን አይታ ስኒዋን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ቤቲ ያለ እናቴ ምርቃት አገባችው። ሱኒታ ከእናቴ ጋር በአንድ አውቶቡስ መመለሷን አልተወችም፤ ሻይ ሲቀዳ ግን እንደ ድሮው ከቦርሳዋ የወረቀት ኩባያ ታወጣ ነበር። እናቴም በእሱ ትቀዳላት ነበር።

አሁን እናቴ ታርቃለች፣ እሑድ እሑድ ቤቲ ቤት ሄዳ የዮናስን ልጅ አቅፋ ትውላለች። ሻይ ሲቀርብ ግን «ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ትላለች። ያኔ እህቴ የምትቆጣበት ኩባያ ነበር፤ አሁን የሚያስቆጣ ኩባያ የለም፣ እናቴም ከንፈሯ ደርቆ ትመለሳለች፣ ቤቷ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ውኃ መጠጣት ነው።