በበርጫ ሰዓት የተሞላው ወለል

ቺሮ ውስጥ ዋና ገንዳ ልሥራ ያለ ሰው መጀመሪያ ጤንነቱን መጠየቅ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት፣ ጀሪካን ተሰልፎ የሚያድርበት ከተማ ነው። የእህቴ ባል ግን የእንግዳ ማረፊያውን ከፍቶ ሲያበቃ «ገንዳ የሌለው ማረፊያ ምን ማረፊያ ነው?» ብሎ ተነሳ። ሠሪው እኔ ነበርኩ። ግንበኛ ነኝ፤ ከገለምሶ እስከ ሚኤሶ ስሜ የሚጠራው በአርማታ ነበር። «ነበር» ያልኩት ሳላስበው አይደለም።

እህቴ ታላቄ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሥራውን እሺ ያልኩትም ለእሷ ብዬ ነው።

ገንዳው በላይነር የሚሠራ ነው። ወለሉና ግድግዳው ካለቀ በኋላ በልኩ የተሰፋ ሰማያዊ ፕላስቲክ ይለብሳል፤ ውሃውን የሚይዘው ፕላስቲኩ ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ «ታዲያ ስሩ ቢሰነጠቅ ምን ቸገረህ?» ይላል። ይቸግራል። ውሃ ከባድ ነው፤ ፕላስቲኩን ወደ ስንጥቁ እየገፋ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ስሩ የተረሳች ጠጠር እንኳ በዋናተኛ እግር ትታወቃለች፤ ጉድጓድም እንዲሁ።

ወለሉን የምንሞላ ቀን ጠዋቱ በደንብ ሄደልን። ወለሉን እንዳጋመስን ግን የበርጫ ሰዓት ደረሰ። እዚህ አገር ሌላው ሁሉ ይቆያል፣ ጫት አይቆይም። የእህቴ ባል ያን ቀን ሊጋብዝ ፈልጓል፤ ከገለምሶ ያስመጣውን ጫት ዘርግቶ ሠራተኛውን በሙሉ ሳሎን አስገባ።

ያኔ አንቱ እለው ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር መሃል ላይ አይቋረጥም። የደረቀው ከእርጥቡ ጋር አይያያዝም፣ ይሰነጠቃል። ሙሌቱ ይለቅና ከዚያ ይቃማል» አልኩት።

«አንተ ጴንጤ! አለመቃምህ ሳያንስ ሰውንም ልትከለክል ነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልድ መስሎኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። አርማታ ሰው አይጠብቅም፤ ፀሐዩ ደግሞ ጨካኝ ነበር። በአካፋ እየዛቅሁ ደፋሁ። ስታጃውን፣ አርማታ የምናስተካክልበትን ረጅም ጣውላ፣ ግን አንድ ሰው ብቻውን አይጎትተውም፤ ሁለት ጫፍ አለው። እህቴ ሳሎን ሻይ አድርሳ ስትመለስ እንደዚያ ስፍጨረጨር አየችኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወረደችና ያኛውን ጫፍ ያዘች። «ጎትት እንጂ፣ አንተ ልጅ!» አለችኝ። የተቦካው እስኪያልቅ እኔና እሷ ጎተትን። ከዚያ በላይ ሁለት ሰው አይችልም። ሰዎቹ ምርቃናቸውን ይዘው ሲመለሱ ወለሉ ደርቆ ጠበቃቸው።

የቀረውን ከደረቀው ጎን ሞላነው፤ ስንጥቁ ልክ ሥራው በቆመበት መስመር ከዳር እስከ ዳር ወጣ።

ወሬው የተነሳው ያኔ ነው። «አርማታውን መሃል ላይ ጥሎ ጸሎት ሄደ» ተባለ። ያስወራው የእህቴ ባል ነው፤ ሠራተኞቹም የጫቱን ወረታ መለሱለት። ቦኬ ወረዳ የያዝኩት ሥራ ለሌላ ተሰጠ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ ግን እኔን ቀድሞ ሊቀበር ነው። ሽማግሌ ይቀመጥልኝ አልኩ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሠራተኞቹ «ሲሠራ አላየነውም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከሳሎን ሆኖ ገንዳው አይታይም። እህቴ ትጠየቅልኝ አልኩ፤ በእሷ ልቤ ሙሉ ነበር። አንደኛው አዛውንት «ዹጋ ዱበዹ» አሏት፤ «እውነቱን ተናገሪ ልጄ፣ ወንድምሽ ሥራው ላይ ነበር?»

ወደ ባሏም፣ ወደ እኔም ዞር ብላ አላየችም። «ጓዳ ነበርኩ፣ አባቴ። አላየሁም» አለች።

ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ በእጁ የተበላሸውን በእጁ ያስተካክል፤ ቤተሰብ ናችሁ» ብለው መረቁን። አሜን አልኩ።

በማግስቱ ጥገናውን ጀመርኩ። ስንጥቁን በመሮ እያሰፋሁ፣ አቧራውን እየጠረግሁ ስሄድ፣ ከመስመሩ አጠገብ አንድ የጫማ ዳና ብቅ አለ። የሴት ነጠላ ጫማ ነው፤ ተረከዙ ጠለቅ ያለ፣ ከባድ ነገር ወደ ኋላ የሚጎትት ሰው እንደሚረግጠው። የሽማግሌዎቹ ቤት ሩቅ አይደለም። ጠርቼ «ጓዳ የሚሉት ይሄንን ነው?» ማለት እችል ነበር። መሮዬን ጥዬ ተነስቼም ነበር።

ቀና ስል እህቴ ገንዳው አፍ ላይ ቆማለች፤ ለማቡኪያ የሚሆን ውሃ በጀሪካን ይዛ። ዳናውን አየችው። እግሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች፤ ያንኑ ጫማ ነው ያደረገችው።

«ውሃው ይበቃሃል?» አለችኝ።

«ይበቃል» አልኩ።

«ልጆቼን ይዤ የት ልሂድ?» ብትለኝ ኖሮ ምናልባት አብሬያት አለቅስ ነበር። አላለችም። ጀሪካኑን አስቀምጣ ገባች።

ሲሚንቶና አሸዋውን አቡክቼ ስንጥቁን ሞላሁ፤ ዳናውንም ሞላሁ፤ እስኪለሰልስ ደጋግሜ አሸሁት። ከላዩ ወፍራም ጨርቅ፣ ከጨርቁ ላይ ሰማያዊው ፕላስቲክ ተነጠፈ። ገንዳው ዛሬም ጠብታ አያፈስም አሉ። እኔ ልስን እሠራለሁ፤ አርማታ የሚያዘኝ የለም።

ይህን የነገርኩት ወዳጄ «እህትህን ይቅር ማለትህ ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። ይቅር አላልኳትም። ላይነር ስሩ ጉድጓድ አይወድም፤ ለዚያ ነው የሞላሁት።